ከወረቀት ነጻ የሆነው የንባብ ክፍል

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ መጥቶ «አንድ መጽሐፍ ባሳተማችሁ ቁጥር ዛፍ እየገደላችሁ ነው» ሲል እኔ ከመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ በር አጠገብ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር። የምጠብቀው እስኪጨርስ ነው። ሰዎቹ ሲወጡ ከወንበሮቹ ሥር የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ የምለቅመው እኔ ነኝና። በዚያን ዕለት ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ለቀምኩ። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ከአንገታቸው በታች አልተነኩም። ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ተፈጥሮ ሲነገራቸው የዋሉ ሰዎች የከፈቱትን ውሃ እንኳ ጨርሰው አልሄዱም።

አሰልጣኙ በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ጠቆመ። «እዩት ያንን ተራራ!» አለ። «ጎኑ እንዲህ የተላጨው በምን ይመስላችኋል? በወረቀት ነው!» ሰዎቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ጻፉ። የጻፉት ለሥልጠናው በታደላቸው አዲስ ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ወፍራም ነበር። ሁለት ገጽ ተጽፎበት ወንበር ላይ የተረሳውንም ቆይቼ ለቅሜዋለሁ።

ሶዶ የሚኖር ሰው ሁሉ የዳሞታ ዛፍ የት እንደሚገባ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት በሴቶች ጀርባ ታስሮ ይወርድና ምድጃ ውስጥ ይገባል። አሰልጣኙ ምሳ የበላበት ሆቴል ጓሮ ተቆልሎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወረቀት ግን ከዳሞታ ወርዶ አያውቅም፤ በካርቶን ታሽጎ በመኪና ከሩቅ ነው የሚመጣው። ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም፤ ጠዋት ተነስቶ መንገድ ላይ መቆም ይበቃል። ከአዳራሹ ግን አንድም ሰው እጁን አላወጣም። እኔም አላወጣሁም። እኔ በሕይወቴ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ።

የተወለድኩት ከዲምቱ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ የተማርነው በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል ነበር። አማርኛ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ነው። የአማርኛውን ፊደል በደንብ የለየሁት ከቤታችን ግድግዳ ነው። ጊፋታ፣ የእኛ ዘመን መለወጫ፣ ሲደርስ እናቴ የጭቃውን ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ትለብጠዋለች፤ ማጣበቂያው ከዱቄት የተሠራ ሙቅ ነው። ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ትለጥፈዋለች። ያንን ገጽ ለማንበብ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ወደ ታች ማንጠልጠል ነበረብኝ። የተመረቀ ድልድይ፣ የተሸለመ አርሶ አደር፣ የጠፋ ማህተም ማስታወቂያ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጋዜጣ በላዩ ይለጠፋል። የእኛ ቤት ግድግዳ ሳይጣል የኖረ ብዙ ዓመት ወረቀት ነበር።

ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ሶዶ አክስቴ ቤት መጣሁ። ሰባተኛ ትገባለች ተብሎ ነበር፤ አልገባሁም። አክስቴ ታመመች፣ ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ አንድ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር መቀመጥ አፈርኩ። ሌላ ትልቅ ምክንያት የለውም። እያደር አንዲት የአክስቴ የጸሎት ጓደኛ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽዳት አስቀጠረችኝ።

ግቢው ውስጥ አንድ የንባብ ክፍል ነበር። ሁለት ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ፣ አራት ረጅም አግዳሚ፣ ጣሪያው ሲዘንብ የሚያንጠባጥብ። መጻሕፍቱ ከየትም የተሰበሰቡ ናቸው፤ በአማርኛ የተጻፈ የተማሪ መማሪያ፣ የንብ አናቢ መመሪያ፣ የጤና መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ፣ የአፍሪካው ገጽ ተገንጥሎ የጠፋበት አትላስ። ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሞሉታል። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ግን ሁሉም ምሳ ይሄዳል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል። ከውስጥ ቆልፌ አነባለሁ።

ሰባተኛ ክፍል የገባሁት እዚያ ነው። የሰባተኛን ሳይንስ፣ የሰባተኛን ኅብረተሰብ፣ ከዚያ የስምንተኛን ጀመርኩ። ያልገባኝን ደግሜ አነበዋለሁ። መጽሐፍ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ስትደግሚው አይስቅብሽም። ያቺ አንድ ሰዓት ባትኖር ኖሮ እኔ ባልዲና መወልወያ ብቻ ሆኜ እቀር ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ በመጽሐፍ ፋንታ እንዲነበብባቸው ታብሌቶች መጡ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ቻርጀር፣ አንድ የቆዳ የሚመስል ላስቲክ ማቀፊያ፣ በስምንት ቋንቋ የታተመ የአጠቃቀም መመሪያ አለ፤ በወረቀት። አማርኛ ከስምንቱ ውስጥ የለም። በማግስቱ መብራት ስለጠፋ ጀነሬተር ተገዛ። ጀነሬተሩ ከንባብ ክፍሉ መስኮት ሥር ተተከለ። ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ በመስኮቱ ይገባል፤ ተማሪዎቹ ነጠላና ሹራብ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ስለ ንጹሕ አየር ያነቡ ነበር። ያጋነንኩ እንዳይመስል፤ በታብሌቶቹ ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው ጽሑፍ ስለ አካባቢ ጥበቃ ነው።

አሁን ስለ ቅጹ ልናገር። ታብሌት በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ቋሚ ንብረት ነው። ቋሚ ንብረት ደግሞ ከመጋዘን የሚወጣው በቅጽ ነው፤ በሦስት ኮፒ፣ በመሃላቸው ካርቦን እየገባ። አንድ ተማሪ ለአንድ ሰዓት ሊያነብ ሲመጣ ቅጹን ይሞላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአንድ ለአምስት ቡድኑ መሪ ስም። ሲመልስ ሌላ ቅጽ ይሞላል፤ እሱም በሦስት ኮፒ። አንድ ኮፒ ለንብረት ክፍል፣ አንድ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ አንዱ ለማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ የሚያልቀው የእኔ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ያለ ወረቀት አንድ ሰዓት ለማንበብ ስድስት ወረቀት። ቀድሞ ልጁ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውጥቶ፣ አንብቦ፣ መልሶ ይሄድ ነበር። ምንም አይጻፍም፣ ምንም አይፈረምም። ይህን ነገር ከቢሮ ሰዎቹ ውስጥ ያየ አንድ ሰው የለም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት የሚያበላሽ ሰው ቅርጫቱ ራሱን የሚያራግፍ ነው የሚመስለው።

እኔ ታብሌት ነክቼ አላውቅም። በጨርቅ ወልውዬዋለሁ እንጂ። ለማንበብ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ፊት ቆሜ፣ ቅጽ ጠይቄ፣ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ፊት ስድስተኛ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ከዚያ ይልቅ ሽንት ቤቱን ሦስቴ ባጥብ እመርጣለሁ።

ደግሞም ታብሌቶቹ ቶሎ መታመም ጀመሩ። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ነው መሰለኝ፣ ዓመት ሳይሞላቸው የአንዳንዶቹ ባትሪ እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፋ፤ ጀርባቸው ተከፈተ። ወደ ቢጠና ከተማ የተላኩትም መብራት አጥተው ተመለሱ፤ ሁለቱ መስታወታቸው ተሰንጥቆ። ሶዶ ውስጥ የሚጠግናቸው አልተገኘም። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የተነፋውን ባትሪ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«አንቺ፣ ይህንን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣይልኝ።»

«ጉድጓድ ውስጥ?»

«ታዲያ የት? ቤቴ ልውሰደው?»

ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ በታች ያለው የጎረቤት የእንሰት ጓሮ ነው። ከእንሰቱ በታች ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ አለ። ባትሪው ምን እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ የሰባተኛ ክፍሉ ሳይንስ ግን መርዝ የሆነ ብረት እንደሚኖርበት ይናገራል፤ ሥዕልም አለው። «እሺ እትዬ» አልኩና በላስቲክ ጠቅልዬ መጋዘኑ ጥግ መልሼ አስቀመጥኩት። የጣልኩ መሰላት። በኋላ ሌሎቹንም እንደዚሁ አደረግሁ። ከዚህ ሁሉ የተማረ ሰው መሃል ያንን ገጽ ያነበብኩት እኔ ብቻ መሆኔ ያን ጊዜም አልገረመኝም።

ከዚያ ካይዘን የሚባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ሥልጠና መጣ። በዚያን ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለዩ፣ በማያስፈልገው ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፉ ይላል። የእኛዎቹ ሥልጠናው እንዳለቀ ቀይ ወረቀት ቆርጠው ተነሱ። የተሰበረውን ወንበር አለፉት፤ ኃላፊው ይቀመጥበታል። የማይሠራውን ፎቶ ኮፒ ማሽን አለፉት፤ ቋሚ ንብረት ነው። የተነፉትን ባትሪዎች አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ንባብ ክፍል ገቡና መደርደሪያዎቹ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀይ ለጠፉ።

ምክንያቱን ኃላፊው በስብሰባ ተናገረ፤ ሻይ ሳቀርብ ሰማሁ። «አሰልጣኙ ለግምገማ ይመጣል። ክፍሉ ከወረቀት ነጻ ሆኖ ማየት ይፈልጋል። መጽሐፍ እያለ ከወረቀት ነጻ ነን ልንል አንችልም።» ይህን ሲናገር የስብሰባውን አጀንዳ ለሁሉም በወረቀት አድሎ ነበር።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። የስምንተኛ ክፍሉ ሳይንስ ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። ግን ነገሩ እሱ አይደለም። መጻሕፍቱ ሲሄዱ ያቺ ሰዓትም ትሄዳለች። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል፣ ክፍሉም ይኖራል፣ እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆሎ እበላለሁ።

ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ የምናገረውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ተለማመድኩ። ወለል ስወለውል፣ መንገድ ስሄድ፣ ቤት ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ስልጥ። በመጨረሻ ገባሁ።

«እትዬ፣ እነዚያ መጻሕፍት...»

«ምን ሆኑ?»

«የት ይሄዳሉ?»

«ይወገዳሉ። ቀይ ተለጥፎባቸው የለም እንዴ?»

«ለሰው አይሰጡም?»

«ለማን?»

«ለእኔ» ልል ነበር። «እንዲሁ... ለሰው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለሰው የሚባል ቅጽ የለንም» አለች። ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «ምነው፣ ልታነቢ ነው?»

አብሬ ሳቅኩ። ለሦስት ቀን የተለማመድኩት በዚያ ሳቅ አለቀ። እስከ ዛሬ የምንቀው አንድ ሳቅ ቢኖር ያ የራሴ ሳቅ ነው።

ወሬውን የሰማ አንድ ባለሱቅ ነበር። ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ስኳርና ጨው የሚሸጥ ጎልማሳ። ያረጀ መጽሐፍ፣ የተጻፈበት ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ ሁሉ መጨረሻው እሱ ሱቅ ነው። ገጹን ገንጥሎ እንደ ቀንድ ይጠቀልልና ስኳሩን ይጨምርበታል። ስኳሩ ቤት ሲደርስ ወረቀቱ ተዘርግቶ ይነበባል፤ ከዚያ እሳት ይለኮስበታል፤ አመዱ እንሰት ሥር ይደፋል። እኔ ስለ ሰው ልብ አሠራር መጀመሪያ ያነበብኩት ግማሽ ኪሎ ጨው ከመጣበት ወረቀት ላይ ነው፤ ቀጣዩ ገጽ ለሌላ ሰው በርበሬ ሄዶ ነበር። አንድ ወረቀት በእኛ ሰፈር አምስት ጊዜ ሳያገለግል አይሞትም። አሰልጣኙ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ምንም። ስላይዱ ላይ የለማ።

ባለሱቁ ሁለት ባዶ ጆንያ ይዞ ራሱ መጣ። ኃላፊው ግቢ ውስጥ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር፤ ጨረሰና ሰማው።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ለጨው መጠቅለያ?» አለ ኃላፊው። «ነገ ኦዲተር ቢመጣ ምን ልለው ነው?»

«ታዲያ ምን ልታደርጉት ነው?»

«መመሪያው ግልጽ ነው። ኮሚቴ ባለበት ይቃጠላል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

«ይቃጠላል? ሱብሃነላህ! ዛፍ ለማዳን ነው አላላችሁም ወይ?»

«አዎ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ነው።»

ባለሱቁ ኃላፊውን አየ፣ መጻሕፍቱ ያሉበትን ክፍል አየ፣ ከዚያ ጆንያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ዞረ። በር ላይ ሲደርስ አገኘኝ። «የኔ ልጅ» አለኝ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እሳቱ ላይ ጀበናም ቢሆን ጣጂበት። ይህን ያህል ዕውቀት ሲነድ ሰው ቡና እንኳ ሳይጠጣበት?»

ኃላፊው አልሳቀም። የገባው አልመሰለኝም።

የሚቃጠልበት ቀን ደረሰ። ከንባብ ክፍሉ ፊት ባነር ተሰቀለ፤ «ከወረቀት ነጻ የንባብ ማዕከል» ይላል። ባነሩ ላስቲክ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ኃላፊው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ እና ለፊርማ ብቻ የመጣ አንድ ሰው። እኔ ጠዋቱን ሙሉ መጻሕፍቱን በእቅፌ እያወጣሁ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ አደረስኩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። አትላሱ ብቻውን አንድ እቅፍ ነው።

አስቀድሞ ቃለ ጉባኤው ይፈረም ተባለ፤ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ። ሳይቃጠል ተቃጥሏል ብለው ፈረሙ። እኔ በምስክርነት ነበርኩ፤ የጽዳት ሠራተኛ። ወረቀቱን ከፊቴ አስቀመጡና የአሻራ ቀለሙን አቀረቡልኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ጣቴን ነበር የሚፈልጉት። እኔ ግን አነበብኩት። «ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት መጻሕፍት በእርጅና ምክንያት ሊነበቡ የማይችሉ መሆናቸው ተረጋግጦ» ይላል።

«ይነበባሉ» አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር፤ እሳት ቢነድ ኖሮ አይሰማም ነበር። ገና አልተለኮሰም።

«ምን አለች?» አለ ኃላፊው።

«ይነበባሉ አለች» አለች የንብረት ክፍል ኃላፊዋ።

«ማን ነው የሚያነባቸው?»

 ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ከመጻሕፍቱ አንዱን አነሳና ገልጦ ሰጠኝ። የስምንተኛ ክፍሉ ሳይንስ ነበር፤ ሆን ብሎ አይደለም፣ ከላይ ስለነበረ ነው። «በይ እስቲ፣ አንብቢልን» አለ። እንደ መምህር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሦስተኛው ሰው ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ሊመለከት።

ገጹን አውቀዋለሁ። ውሃ ከመሬት ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ ቅጠል እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ልለው እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ፊደሎቹን አያቸዋለሁ፣ በልቤ አነባቸዋለሁ፣ ምላሴ ግን እንደ እንጨት ሆነ። 

«አይዞሽ፣ ተይው» አለች የንብረት ክፍል ኃላፊዋ። «ፈርታ ነው፤ ከየት ታውቀዋለች?»

«ይኸው እንግዲህ» አለ ኃላፊው፣ በደግነት። ያ ደግነቱ ከስድብ ይከፋል። «ተረጋገጠ ማለት ነው። በይ አሻራሽን አድርጊ።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩና ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። «ኦ!» አለ ሦስተኛው ሰው። ከዚህ በላይ የገረመው አልነበረም። የሚፈርምበትን ወረቀት ሳያነብ የሚውል ሰው፣ የኔ ስም መጻፍ ገረመው።

«በይ አሁን ለኩሺው።»

እነዚህ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ብዙ ያበላሹ ይሆናል እንጂ በእጃቸው ምንም ነገር አቃጥለው አያውቁም። እሳት ለእነሱ ክብሪት ማለት ነው፤ ተለኮሰ፣ አለቀ። የግቢውን ቆሻሻ ሁልጊዜ የማቃጥለው እኔ ነበርኩ። የተዘጋ መጽሐፍ እንደ ሸክላ ጡብ ነው፤ ጠርዙ ይጠቁራል እንጂ ውስጡ አየር ስለማያገኝ አይነድም። እንዲቃጠል ከተፈለገ መገንጠል አለበት፣ መበተን አለበት፣ በእንጨት እያገላበጡ ግማሽ ቀን መቆም አለበት። ስመላለስ የቆየሁበት ጠዋት ለዚህ ጠቅሞኛል። ክምር አልሠራሁም፤ ግድግዳ ነው የሠራሁት። መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ፣ ጥብቅ አድርጌ፣ ቀዳዳ ሳልተው። መማሪያዎቹንና ልብ ወለዶቹን መሃል፣ ማንም የማያነባቸውን የስብሰባ ሪፖርቶች ዙሪያውን። ያቺን የሰጠኝን ሳይንስ መሃል ሰገሰግኋት። ማንም አላየም፤ ቢያዩም «እንዴት ሥርዓት አላት» ከማለት ሌላ የሚሉት አይኖራቸውም፤ ካይዘን ሠልጥነዋል።

ታብሌቶቹ የመጡበት ነጭ ፎም ከመጋዘኑ ጀርባ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ነበር። አምጥቼ ሁሉንም ከላይ ከመርኩት። ካርቶኑንም፣ ያገለገለ ካርቦኑንም። ለማቃጠያ የተሰጠኝን ነጭ ጋዝ በሙሉ እሱ ላይ አፈሰስኩ፤ ለመጻሕፍቱ ጠብታ አላደረስኩም። ለኮስኩ።

ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ወጣ። ጭሱ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ መጀመሪያ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ነፋስ መታውና ወደ ኮሚቴው ዞረ። ኃላፊው በታብሌት ፎቶ ሊያነሳ ነበር፤ አንድ አነሳና ሳል ያዘው። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጥቁር ነገር ነጭ ቀሚሷ ላይ ሲያርፍ ጮኸች። ከአጥሩ ባሻገር እንሰት ጓሮ ውስጥ ያሉት ሴትዮ በወላይትኛ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ኃላፊው ተወላጅ ስለሆነ ገብቶታል።

«በቃ፣ በቃ፣ ነዷል» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «ሙሉ በሙሉ ነዷል። አንቺ አመዱን አስተካክለሽ ሂጂ።» ሦስቱም በባጃጅ ሥጋ ሊበሉ ሄዱ።

የላስቲክ ጭስ ጉሮሮዬን እየፈጀኝ ፎሙ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ያን ጭስ ያቺ ሴትዮም፣ እንሰቱም፣ እኔም ተንፍሰነዋል፤ በዚህ አልኮራም። ከዚያ የመወልወያ ውሃዬን ባልዲ በባልዲ አመጣሁ። የውጪው ረድፍ ከስሏል፤ የስብሰባ ሪፖርቶቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት ሰጡ። የመሃሎቹን ሳወጣቸው ይሞቁ ነበር፣ ጠርዛቸው ጠቁሯል፣ ፊደሎቹ ግን ነበሩ። የልብ ወለዶቹን ግማሽ አጣሁ። የጤናው መጽሐፍ ሽፋኑ ሄዷል። አፍሪካ የሌለችው አትላስ እስያንም አጥታለች።

በአራት ቀን በቆሻሻ ማዳበሪያ እያደረግሁ አወጣኋቸው። ዘበኛው የሚወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ይፈትሻል። ቆሻሻ የተሸከመች ሴት ግን ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

አክስቴ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ስፈታ አፍንጫዋን ያዘች።

«ቤቱን ጭስ ጭስ አሰኘሽው! ምንድን ነው ይሄ?»

«መጽሐፍ ነው።»

«የተቃጠለ መጽሐፍ?»

«ያልተቃጠለ ነው፤ ተቃጥሏል ተብሎ ተፈርሞበት ነው እንጂ።»

አክስቴ ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ ነገሩ አልገባትም። እኔም ላስረዳት አልቻልኩም፤ እንደዚህ ያለ ነገር በቀና አእምሮ የሚገባ አይደለም። አልጋዋ ሥር ቦታ ለቀቀችልኝ፣ እርጥቦቹንም ከልብሷ ጋር ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው።

አሰልጣኙ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። በንባብ ክፍሉ ውስጥ ከአግዳሚዎቹ በቀር ምንም አልነበረም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጀነሬተሩም ነዳጅ አልቆበታል። ባዶውን ክፍል ዞሮ ዞሮ አየውና «እጅግ በጣም ጥሩ» አለ። ለመሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት ሰጠ፤ ወፍራም፣ በወርቃማ ቀለም የታተመ፣ በመስታወትና በእንጨት ፍሬም የተያዘ። ኃላፊው መደርደሪያው የነበረበት ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀለው። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው። በየጠዋቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ሆንኩ።

ተማሪዎቹ መምጣት ተዉ። የተነፉት ባትሪዎች መጋዘኑ ጥግ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ የኤሌክትሮኒክስ ማስወገጃ መመሪያ እስኪመጣ ይጠበቃል ተብሏል። በቃለ ጉባኤው መሠረት እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት አመድ ናቸው፤ በሦስት ኮፒ ተፈርሟል፣ የኔም ስም አለበት።

የምስክር ወረቀቱ በተሰቀለበት ቀን ሥራ ስጨርስ ቀጥታ ቤት ገባሁ። ገና ፀሐይ ነበር። አክስቴ በር ላይ ተቀምጣ ቦዬ ትልጣለች። የስምንተኛ ክፍሉን ሳይንስ ከአልጋው ሥር አወጣሁና ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ ኃላፊው የከፈተልኝን ያንኑ ገጽ ገለጥኩ። በአማርኛ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ከዚያ በወላይትኛ ነገርኳት፤ ውሃው እንዴት ከሥር ወደ ቅጠል እንደሚወጣ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ሻከረ፣ ከዚያ ጠራ። የመስመሮቹ መነሻ በእሳት ስለተበላ የጎደለውን ቃል ከራሴ እሞላው ነበር። የተቃጠለው ጠርዝ እየፈረሰ ቀሚሴ ላይ ረገፈ። አራግፌው ገጹን ገለበጥኩ።